የሲስተር ዘነቡ ቫኩም

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነገሩ እንዲህ ነበር። ትንሿ ነጭ መኪና ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ሲስተር ዘነቡ ግቢ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር አራቱም ጎማዎቿ ወልቀው በአራት የእንጨት ጉማጆች ላይ ተቀምጣለች። የፍሬኗ ፔዳል ሳይነካ ከወለሉ አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። አንዴ ሲረገጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ እስኪቀረው ይሰምጣል። ወዲያው ሲደገም አምስት ላይ ይቆማል፤ ሲሠለስ ስምንት ላይ። ሁለት ደቂቃ ትተውት ሲመለሱ እንደገና ሁለት። ኮፋኖው ሥር ያለው የፍሬን ዘይት ከላይኛው ምልክት ጋር እኩል ነው። ከሥሯ የተነጠፈው ካርቶን ላይ አንዲት ጠብታ የለችም።

ዘነቡ ይህን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፋዋለች። ሠላሳ አራት ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆና የሠራች፣ የምጥ ሰዓትና የጽንስ ልብ ምት ስትመዘግብ የኖረች ሴት፣ መኪና ታመመችብኝ ብላ ልማዷን አትተውም።

ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚከብደው ግን ደብተሩ ላይ የለም፤ አስር ሰዓት የሚባለው ነው። አስር ሰዓት ላይ ታምራት ገመድ ይዞ ይመጣል። ታምራት በሶዶና በአረካ መካከል የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር፣ የሰፈር ልጅ፣ ተጫዋች ሰው ነው፤ አሮጌ መኪና ገዝቶ አድሶ መሸጥ ይወዳል። ማክሰኞ ዕለት ብቅ ብሎ ፔዳሏን አንድ ጊዜ ጫን አደረገና፣ "ማስተሩ ሞቷል" ብሎ ፈረደ። ማስተር የሚለው ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ አራቱም ጎማ የሚገፋውን ዋናውን ክፍል ነው። "እዚህ አይገኝም። አዲስ አበባም መገኘቱን እንጃ። እንዳለች እኔው ልውሰዳት።"

የዘነቡ ባል ሻንቆም፣ "እስከ ቅዳሜ አስር ሰዓት ካልዳነች ውሰዳት" ብሎ ቃል ሰጠ። ሻንቆ ደግሞ የሰጠውን ቃል የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

ክፋት አልነበረበትም። ከሦስት ሳምንት በፊት ዘነቡ ጉኑኖ እናቷን ጠይቃ ስትመለስ፣ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እግሯ ሥር ሟሟባት። መኪናዋን በማርሽና በእጅ ፍሬን ታግላ አቆመቻት። የፊት ጎማዎቹ ጎሚኒ፣ ማለት ዘይቱን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት፣ ተበልቶ ዘይቱ አምልጦ ነበር። ያን ማታ ሻንቆ እራቱን ሳይጨርስ፣ "ጸሎቱን አላቋርጥም፤ በጸሎት ብቻ ግን ከእንግዲህ አልሸኝሽም" አላት።

ጎሚኒውን እዚሁ ግቢ ውስጥ ራሳቸው ቀየሩት። ሁለቱም በሰው እጅ የማያምኑ ናቸው። ሻንቆ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሰብል ምርምር ላይ የሠራ፣ መሬት በክር ለክቶ ዘር በቁጥር የሚዘራ ሰው ነው። የፊቶቹን ካሊፐሮች፣ ማለት ዲስኩን ከሁለት ወገን ጨብጠው የሚያቆሙትን ብረቶች፣ እሱ ፈታ፤ አጠባቸው፤ በረንዳው ላይ ጆንያ አንጥፎ ከነብሎኖቻቸው በተራ ደረደራቸው። ዘነቡ ከጆንያው እያነሳች ገጠመች። ማፍሰሱ ቆመ። ፔዳሉ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ረጠበ ስፖንጅ ሆነ።

እሷ ይህችን መኪና የገዛቻት በጡረታዋ ነው። መንጃ ፈቃዱን በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በሦስተኛው ፈተና አገኘች። ሠላሳ አራት ዓመት በሰው ሞተር ሳይክል ኋላ፣ በበቅሎ፣ በሚኒባስ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተንገላታ ወላድ ጋ ደርሳለች። ባለፈው ዓመት ራሷ እየነዳች ጉኑኖ ስትገባ እናቷ ከበር ወጥተው፣ "ሾፌሩ የታለ?" ብለው መኪናዋን ዞሩ። መኪናዋ ዛሬ ተጎትታ ከወጣች ሌላ እንደማይተካ ዘነቡ ታውቃለች። ሻንቆም ያውቃል፤ ለዚህም ነው ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗን የማያያት።

"ሻንቆ! ና ግባ። ሦስቴ ርገጥና ሦስተኛው ላይ አትልቀቅ።"

"ስንት ጊዜ እረግጣለሁ? ጉልበቴ አልቋል እኮ።"

"የመጨረሻ ነው። ሦስተኛው ላይ ጸጥ በል።"

ረገጠ። ማስመሪያዋን ከፔዳሉ ጎን አቁማ በስልኳ ደቂቃ ቆጠረች። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ሻንቆ ፊቱ ቀላ።

"በቃ?"

"ቆይ... ቆይ... ልቀቅ!" አለችና ተነሥታ ማስመሪያዋን እንደ ዋንጫ ከፍ አደረገችው። "ስምንት ነበር፣ ስምንት ቀረ! ሻንቆ፣ ማስተሩ አልሞተም!"

"በምን አወቅሽ?"

"ቢሞት ኖሮ ከእግርህ ሥር ቀስ እያለ ይሸሽ ነበር። ይሄ ይዘኸው አልሸሸም። ሲደጋገም ይጠነክራል፣ ሲያርፍ ይላላል። ምንድን ነው እንዲህ የሚያደርገው?"

ሻንቆ አሰበ። "አየር።"

"አየር! ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ይጨመቃል። ሆዷ ውስጥ አየር አለ፣ ሌላ በሽታ የለባትም።"

ልቧ መዝለል ጀመረ። ለዓመታት የምታውቀው አዘላለል ነው፤ እናቲቱ ደክማ፣ ሁሉም ተስፋ ቆርጦ፣ እሷ ግን በጣቷ የሕፃኑን ራስ ስትነካ የሚመጣው ዓይነት።

አየር ለማስወጣት ግን ጎሚኒውን በቀየሩበት ሳምንት ሁለት ጊዜ ሞክረው ነበር። በጋራዥ እንደሚሠራው አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ጎማው ጋ ያለችውን ትንሽ የአየር ማስወጫ ብሎን አላልቶ ዘይትና አየር ያስወጣና መልሶ ያጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቃል። እነሱ ዘንድ ግን፣ "ያዝ!" "ይዣለሁ!" "አትልቀቅ እሺ?" "አልለቀቅሁም!" ከተባባሉ በኋላ የሻንቆ ጉልበት ትከዳውና ዘነቡ ሳታጠብቅ ይለቃል፤ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ሁለት ጠርሙስ ዘይት ያለቀው በዚህ ነው። የቀረው አንድ ሊትር ነው።

"ታዲያ አሁን ማን ይርገጥ?" አለ ሻንቆ ጉልበቱን እያሸ።

ዘነቡ ዘወር ብላ ወደ ዕቃ ቤት ሮጠች። ስድሳ ዓመት የሞላት ሴት በላስቲክ ጫማ ስትሮጥ ሻንቆ ቆሞ አየ። የሚንኳኳ ነገር ተሰማ፤ ጣሳ ወደቀ። ተመልሳ ስትመጣ አቧራ የለበሰ የካርቶን ሳጥን ታቅፋለች።

ውስጡ ወፍራም የመስተዋት ጠርሙስ፣ የግፊት መለኪያ የተተከለበት ክዳን፣ የጎማ ቱቦ፣ እንደ ብስክሌት መንፊያ ያለ የእጅ ፓምፕ አለ። መንፊያ ይነፋል፤ ይሄኛው ግን ይስባል። ምጥ ሲረዝምና እናት ሲደክማት ከሕፃኑ ራስ ላይ ኩባያ አስጠግተው በቀስታ የሚያግዙበት መሣሪያ ነው። አዋላጆች ቫኩም ይሉታል። ትሠራበት የነበረው ጤና ጣቢያ አዲስ ዓይነት ሲመጣለት አሮጌው ተወግዶ በጨረታ ተሸጠ፤ እሷ ለማስታወሻ ብላ ገዛችው።

ሻንቆ ሳጥኑን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ሚስቱን አየ። "ዘኒ። መኪና በቫኩም ልታዋልጂ ነው?"

"ምጡ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሌላ ምን ይደረግ?"

ሻንቆ ሳቁ አመለጠው። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

"ግን ከዚህ በኋላ ሰው ላይ አይውልም" አለች ጣቷን ቀስራ። "የፍሬን ዘይት ከነካው አበቃ። ማስታወሻነቱም ለመኪና ይሆናል።"

ጓንት አጠለቀች። ኩባያውን ነቅላ በቱቦው ጫፍ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል የጉሉኮስ ቱቦ ቀጠለች፤ የሚያልፈው አረፋ በዓይን እንዲታይ። ሻንቆን ኮፋኖው ሥር አቆመችው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች እንዳይወርድ እየጨመረ መጠበቅ። ዘይቱ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ከደረቀ አየር ከላይ ይገባና ልፋቱ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል።

ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው፣ ከቀኝ የኋላ ጎማ ጀመረች። ቱቦውን ብሎኗ ላይ ሰካች። ፓምፑን ስባ መለኪያው ዜሮ ነጥብ ሁለት ሲል አቆመች። በማዋለጃ ክፍል ሕግ አለ፦ በአንድ ጊዜ አይሳብም፤ ትንሽ ይሳባል፣ ይጠበቃል፣ መያዙ ይታያል፣ ከዚያ ይጨመራል። ዜሮ ነጥብ አራት። ብሎኗን ሩብ ዙር አላላች።

ቱቦው ውስጥ ቡናማ ዘይት ብቅ አለ፤ ከኋላው አረፋ፣ ደግሞ አረፋ።

"ወጣ! ሻንቆ ወጣ!"

"ስንት?"

"አምስት... ዘጠኝ... ኧረ አይቆጠርም!"

ደስታው ግን አልቆየም። አረፋው እንደ ጤፍ ደቃቅ፣ እንደ ክር የተያያዘ ሆኖ አላቋርጥ አለ። ሻንቆ ሁለት ጊዜ ዘይት ጨመረ፤ አረፋው ያው ነው። ዘነቡ ፓምፑን ትታ ጆሮዋን ወደ ብሎኗ አስጠጋች። ስስ ፉጨት ሰማች።

"ኩባያው ካፏጨ አልገጠመም" አለች ለራሷ። ተማሪ አዋላጆችን ስታስተምር የምትለው ነው። ቀና አለች። "ሻንቆ፣ ይሄ የመኪናዋ አየር አይደለም! በብሎኗ ጥርስ በኩል ከውጭ እየሳብን ነው። ግሪስ አምጣልኝ!"

ብሎኗን ዙሪያዋን በግሪስ አሸገች፣ በጣቷ አንዴ ዞረችበት፣ እንደገና ሳበች። ፉጨቱ ጠፋ። ደቃቆቹ አረፋዎች ጠፉ። ከዘይቱ ጋር አሥራ አንድ ትልልቅ አረፋ ወጣና ንጹሕ ዘይት ተከተለ። ጻፈችው። ግራ የኋላ፣ አራት አረፋ። ጻፈችው።

የፊቶቹ አስቸገሩ። የኋላዎቹን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው የሠራችው፤ የፊቶቹን ለመድረስ ግን ካርቶኑ ላይ በጀርባዋ መተኛት ነበረባት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ቱቦውን ሰካች፣ ግሪስ ቀባች፣ ሳበች። ንጹሕ ዘይት። አንድም አረፋ የለም። በግራ በኩልም እንዲሁ፤ ጥርት ያለ፣ እንደ ማር የሚወርድ።

"ዜሮ!" አለች ከመኪናዋ ሥር። "ሁለቱም ፊት ዜሮ! ጨርሰናል!"

ሻንቆ ጉልበቱን ረስቶ ወንበሩ ላይ ዘለለ። ዘነቡ ማስመሪያዋን ይዛ ተንበረከከች። ረገጠ።

አራት።

ሁለት የነበረው አራት ሆኗል። መሻሻል ነው፤ ቁልቁለት የሚያወርድ ግን አይደለም። ሰዓቱ ሰባት ከአርባ ሆኗል፤ በዘይቱ ጠርሙስ ውስጥ የቀረው ከሩብ ሊትር ትንሽ ይበልጣል።

ስምንት ሰዓት ላይ የግቢው በር ተንኳኳ።

"ሳሮ! ሳሮ ሲስተር!" ታምራት ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ፣ ቆሎ በወረቀት ይዞ ገባ። "ጋሼ ሻንቆ፣ እንደምን ዋሉ?"

"ሁለት ሰዓት ቀድመህ መጣህ" አለች ዘነቡ ከካርቶኑ ላይ ሳትነሣ።

"ቀብር ላይ ቀድሞ መድረስ ነው ወጉ።"

"ማን ሞተና?"

"ማስተሩ ነዋ! ማክሰኞ አርድቻችሁ የለ?" ዓይኑ ቱቦ የተሰካበት የመስተዋት ጠርሙስ ላይ አረፈ። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ቫኩም ነው" አለ ሻንቆ።

ታምራትን ቆሎው ትን አለው። "ሲስተር! እኔንም እኮ የወለደችኝ እናቴ በቫኩም ነው! ይሄው ይሆን እንዴ?"

"እሱው ነው። ራስህ ትልቅ ነበር፤ እስከ ዛሬም አላነሰ።"

ሻንቆ እየሳቀ በረንዳው ላይ ተቀመጠና ጉልበቱን ዘረጋ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ሰዓቱን አየ። "ዘኒ፣ ደከመሽ። ይብቃሽ። ለፍተሻል።"

"አስር ሰዓት ነው ያልከው።"

"እሱማ ነው።"

"እንግዲያው ገና ሁለት ሰዓት አለኝ።"

ሻንቆ ስለተቀመጠ ጎድጓዳውን መሙላት የእሷ ተራ ሆነ። ዘይቱ የመኪናዋ ቀለም ላይ እንዳይፈስ በትልቅ መርፌ ቀድታ ልትጨምር አሰበች፤ ከዘይቱ ጠርሙስ ሳበች። መርፌው ውስጥ አንዲት አረፋ ገባች። እጇ ሳታዘው ልማዱን ሠራ፤ መርፌውን አፉን ወደ ሰማይ አቀናች፣ በጣቷ ጥፍር ሁለቴ መታችው፤ አረፋዋ ተንሳፍፋ ጫፉ ላይ ደረሰች፤ ገፋ ስታደርገው ወጣች። በሕይወቷ ይህን ስንት ሺህ ጊዜ እንዳደረገች አታውቅም።

በዚሁ እንዳለች ቆመች። መርፌውን ገለበጠችው፤ አፉን ወደ መሬት። ሌላ አረፋ አስገባችና ገፋች። ዘይቱ በአፉ በኩል ንጹሕ ሆኖ ፈሰሰ። አረፋዋ ግን ላይኛው ጫፍ ላይ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

"ሻንቆ።"

"ምነው?"

"ሻንቆ ና! ሩጥ!"

እሷ ግን አልጠበቀችውም። ቀኝ የፊት ጎማው ጋ በደረቷ ተኛች። የአየር ማስወጫዋ ብሎን ከካሊፐሩ ታች ተንጠልጥላለች፤ ዘይት የሚያስገባው ቱቦ ከላይ ነው። ተሳበችና ግራውን አየች። እሱም ከታች። ተነሥታ ወደ ኋላ ጎማ ሄደች። እዚያ ብሎኗ ከላይ ናት።

"እያንዳንዱ ካሊፐር ውስጥ አየሩ ጣሪያው ላይ ተቀምጧል፤ እኛ ከወለሉ ነው የምንስበው!" አለች፤ ድምጿ ከጎረቤት አጥር ተሻገረ። "ዜሮ አረፋ ያልኩት ለዚህ ነው! ሺህ ዓመት ብስብ ዜሮ ነው! ተገልብጠው ነው የተገጠሙት፤ የቀኙ በግራ፣ የግራው በቀኝ!"

"እንዴት ሊሆን ይችላል?" አለ ሻንቆ። "እኔ በተራ ደርድሬአቸዋለሁ። ሥርዓት አለኝ።"

"እንዴት ደረደርክ?"

"ማሳ ፊት እንደሚቆመው ነዋ። መኪናዋ አፍንጫ ፊት ቆምኩ፤ በቀኝ እጄ በኩል የወጣውን ጆንያው ላይ በቀኝ..." ንግግሩ መሃል ላይ ቆመ።

ዘነቡ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ፊቷ ቆመህ! እኔ ደግሞ ከጆንያው ሳነሣ በቀኝ የተቀመጠውን ለእሷ ቀኝ ሰጠኋት። ሠላሳ አራት ዓመት የበሽተኛውን ቀኝ እንጂ የራሴን ቀኝ አላውቅም እኮ!"

"እና የማን ጥፋት ነው?"

"የሁለታችንም ሥርዓት!"

የበረንዳውን ምሰሶ ይዘው ሳቁ። ሻንቆ እንባውን ጠረገ። ታምራት ቆሎውን ይዞ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያል።

"ቆይ፣ ታዲያ ማስተሩስ?" አለ።

"አንተ ነህ የቀበርከው እንጂ እሱ አለ።"

"እኔ እኮ ሹፌር ነኝ ሲስተር። መካኒክ ነኝ ብዬ አላውቅም።"

"እንግዲያው ቆሎህን አስቀምጥና ክሪኩን ያዝ። የፊቷን ትንሽ ከፍ አድርጋት።"

ታምራት ገመዱን ከትከሻው ላይ አወረደ። መኪናዋን ሊወስድ የመጣ ሰው መሆኑን ለአፍታ አሰበበት መሰል፤ ከዚያ እጅጌውን ጠቀለለ። "መቼስ እኔንም አዋልደውኛል" አለ።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው። ዘነቡ የምትናገረው በማዋለጃ ክፍል ቋንቋ ሆነ፤ አጭር፣ ግልጽ፣ መልስ የማይጠብቅ። "ቁጥር አሥራ አራት ቁልፍ።" "የቱቦውን አፍ ድፈን፤ በጣትህ አይደለም፣ በንጹሕ ላስቲክ።" "ሻንቆ፣ ጎድጓዳው?" "ግማሽ ላይ!" "ጠብቀው።" ቀኙ ወጣ። ግራው ወጣ። በዚህ ጊዜ በረንዳ የለም፣ ጆንያ የለም፤ ታምራት አንዱን፣ ሻንቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ፣ ዘነቡ በሁለቱ መሃል አልፋ ራሷ ተቀበለቻቸው። ከመግጠሟ በፊት እያንዳንዱን ብሎን በጣቷ ነካች።

"የት ናት?"

"ላይ!" አሉ ሁለቱም በአንድ ድምጽ።

"ያኛውስ?"

"ላይ!"

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ሆነ። የቀረው ዘይት ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር አይሞላም፤ ቢያልቅ የሚሸጠው ሱቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝግ ነው። ዘነቡ በርጩማዋን አስጠጋች። አሁን መተኛት አላስፈለጋትም። ቱቦ፣ ግሪስ፣ አንድ ዙር በጣት። ዜሮ ነጥብ ሁለት። ጆሮዋን አስጠጋች፤ ፉጨት የለም። ዜሮ ነጥብ አራት። ብሎኗን ሩብ ዙር።

ቱቦው ባዶ ሆነ። ዘይት የለበትም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየር ብቻ። ጠርሙሱ ውስጥ ግርርር ብሎ ጮኸ።

"ወይኔ ተበላሸ!" አለ ታምራት።

"ዝም በል! ይሄ ነው!" ዘነቡ ፓምፑን ደግማ ሳበች። "ይሄ ነው፣ ይሄ ነው፣ ና ውጣ፣ ና..." ግርግሩ ቀጠለ፤ ተቆራረጠ፤ ዘይት ብቅ አለ፤ አንድ አውራ ጣት የሚያህል አረፋ፤ ዘይት፤ ሁለት ትንንሽ፤ ዘይት። ዘይት። ዘይት። አሥራ አምስት ሴኮንድ ቆጠረችና ብሎኗን አጠበቀች።

"ሎዖ!" ብሎ ጮኸ ሻንቆ በወላይትኛ። ደስ ሲለው አማርኛው ይጠፋዋል።

በግራውም እንዲሁ ግርርር አለ። በዚያኛው ሦስቱም አብረው ጮኹ። ጎድጓዳው ሲሞላ በዘይቱ ጠርሙስ ውስጥ የቀረው ከታቹ አንድ ጣት ነው።

"ርገጥ" አለች ዘነቡ። ማስመሪያዋን ይዛለች፤ ዓይኗን ግን ጨፍናለች።

ሻንቆ ረገጠ። "ዘኒ።"

"ስንት ነው?"

"አንቺ እዪው። እኔ ዝቅ ማድረግ አልቻልኩም። ድንጋይ ነው!"

አየችው። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር፤ በመጀመሪያው እርግጫ። በሁለተኛው ዘጠኝ። በሦስተኛው ዘጠኝ።

ታምራት አጎንብሶ ራሱ በእጁ ገፋው። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ሳቅም ቅሬታም አለ። "ጋሼ ሻንቆ፣ ቃልዎ ግን..."

"ቃሌ 'ካልዳነች' ነበር" አለ ሻንቆ።

"መዳኗን በምን አወቅን? ፔዳል ሲቆም ያምራል። እኔ መንገድ ላይ ስትቆም ነው የማምነው።"

"ልክ ነው" አለች ዘነቡ፤ ሁለቱም ዞረው አዩዋት። "ፔዳል ምልክት ነው እንጂ ውጤት አይደለም። ጎማዎቹን እንግጠም።"

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ መኪናዋ በአራት እግሯ ከግቢ ወጣች። ከበሩ ውጭ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ኮብልስቶን፣ ደረቅ። ዘነቡ መሪውን እንደያዘች የጎኑ በር ተከፈተ። ሻንቆ ገባና ተቀመጠ፤ ቀበቶውን ስቦ አሰረ።

"አንተ የት ነህ?"

"እዚሁ ነኝ።"

"ባትቆምስ?"

"አንቺ እየነዳሽ? ሂጂ።"

መጀመሪያ በሰው እርምጃ ፍጥነት ሄዳ ቆመች። ከዚያ በአሥር ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በሃያ። በየጊዜው ወርዳ ዘይት አፍስሶ እንደሆነ የአራቱን ጎማዎች ጀርባ በነጭ ወረቀት ዳሰሰች፤ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ወጣ። ታምራት መንገዱ ላይ በኖራ ድንጋይ መስመር አሰመረ። "የፊት ጎማዎ ይሄን ሲነካ ነው የሚረግጡት። በሠላሳ!" ብሎ እጁን ዘርግቶ መንገድ ዘጋ። የመጣ ባጃጅ ቆመ።

"ምንድን ነው፣ ውድድር ነው?" አለ ባለ ባጃጁ አንገቱን አውጥቶ።

"ዝም በል፣ ምርምር ነው!" አለው ታምራት።

ዘነቡ ከመንገዱ ጫፍ ተነሣች። ሞተሩ ጮኸ። ሃያ። ሃያ አምስት። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ንፋሱ ነጠላዋን አነሣው። ሻንቆ ዳሽቦርዱን ያዘ፤ አፉ ግን ፈገግ እንዳለ ነው። የፍጥነት መለኪያው ቀስት ሠላሳ ላይ ተኛ። መስመሩ መጣ፣ ቀረበ፣ ከጎማው ሥር ገባ።

ረገጠች። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳትል፣ ተተከለች።

ባለ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። ታምራት ወደ መኪናዋ እየሮጠ፣ "በአጋጣሚ ነው! ይደገም!" አለ፤ ድምጹ ግን ከእሷም ይልቅ የተደሰተ ሰው ድምጽ ነበር። ሻንቆ የማሳ መለኪያ ሜትሩን አስመጣ፤ ታምራት ጫፉን መስመሩ ላይ ረገጠ፤ ሻንቆ ፊት ጎማው ድረስ ዘረጋው። ተደገመ። ተሠለሰ። አስር ሰዓት ሲሆን ዘነቡ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት የቆመችበትን ርቀት ሦስቱንም ጽፋ ጨርሳለች፦ ስድስት ሜትር ከአሥር፣ ስድስት ሜትር ከአምስት፣ ስድስት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር። ታምራት በትከሻዋ ላይ አንብቦ፣ "ዳነች" አለና ገመዱን ብቻ ሊያነሣ ወደ ግቢው ተመለሰ።